የአባ መሐሙድ ሚዝማር

አባ መሐሙድ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሚዝማር የሚባለውን የትንፋሽ ዜማ መሣሪያቸውን እንደያዙ ሞተው ተገኙ። አንገታቸው ላይ የገመድ ሰንበር አለ። የመካነ ሰላም ከተማ ግን ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች፤ «ገዳይዋ ልጃቸው ሱሀይላ ናት፤ ልቧን ዓረብ አገር ጥላው መጥታለች» ተባለ። ልጅቱ እጇ በካቴና ታስሮ፣ የአባቷን አስከሬን እንኳ እንዳታይ ተከልክላ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

ኢንስፔክተር የኔአለም ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ጎረቤቲቱን ጠየቀች።

«እትዬ ኡምኩልሱም፣ ምን ሰሙ?»

«ሚዝማሩን ነዋ! ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሲነፉ ሰማን፣ ወላሂ! እኔና ተማሪያቸው ጀብሪል አጥሩ ሥር ቆመን ነበር። ከዚያ ይቺ ከወረኢሉ አውቶቡስ ወርዳ ገባች። ሌላ ዝር ያለ የለም።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋትማ ጀብሪል ትምህርቱን ተምሮ ወጣ፤ በቃ።»

«ስድስት ሰዓት ላይስ አጥሩ ሥር ምን ይሠራ ነበር?»

«ምን ይሠራል? እጁን ኪሱ ከቶ ያወራኛል።»

ሚዝማር የሚነፋ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ከሽማግሌው ሌላ አለ የሚባለው ተማሪያቸው ጀብሪል ብቻ ነው፤ በየመድረኩ ይጨበጨብለታል።

የኔአለም ሚዝማሩ አፍ ላይ የተሰካውን የሸምበቆ ምላስ አየች፤ አዲስ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ካሉት አሮጌዎች ጋር አስተያየችው። ከዚያ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ስፒከር ተመለከተችና ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«ጀብሪል፣ እስቲ ንፋልን» ብላ ከሳጥኑ ባወጣችው ሌላ ሚዝማር ላይ አዲስ ምላስ ሰክታ ሰጠችው።

ጉንጩ እስኪወጠር ነፋ። ድምፅ የለም።

«አይነፋም!» አለች የኔአለም። «ምላሱ ታጥፎ የታሰረ ሸምበቆ ነው። ጫፉ ተቆርጦ ለሁለት ካልተከፈተ ትንፋሽ አያሳልፍም። አሮጌዎቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፤ የሟቹ ሚዝማር ላይ ያለው ግን ዝግ ነው። ታዲያ በስድስት ሰዓት በምን ነፉ? ሚዝማሩን ያስያዛቸው፣ እንደ አንተ ይህን የማያውቅ፣ መንፋት የማይችል ሰው ነው። እናንተ የሰማችሁት ስፒከር ነው። ጀብሪል፣ ስልክህን አምጣ!»

ስልኩን ነካ ስታደርገው የሟቹ ሚዝማር ድምፅ ከመስኮቱ ስፒከር ጮኸ።

«ስለዚህ የሞቱት ጠዋት፣ አንተ ለትምህርት እዚህ ሳለህ ነው። ሱሀይላ ያኔ ገና መንገድ ላይ ነበረች።»

«ሽማግሌው ጁምዓ በሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር!» አለ ጀብሪል። «‹አይችልም፣ በስልክ ነው የሚያታልላችሁ› ሊል ነበር!»

«ለጭብጨባ ብለህ ሽማግሌ አነቅህ? አታፍርም!» የኔአለም ካቴናውን ከሱሀይላ እጅ ፈትታ እሱን አሰረችው።

ኡምኩልሱም እያለቀሱ ቀረቡ። «ልጄ፣ አፉ በይኝ።»

«ገዳይ ሲሉኝ ፊቴን አላዩም፤ አሁንም አይዩኝ» አለች ሱሀይላ። «ከበሩ ዞር ይበሉልኝ፣ አባቴ ዘንድ ልግባ።»

ኡምኩልሱም ዞር አሉ።