አሥራ ሁለተኛው ካባ

«ይሄን የሸመነው የቱ ነው?»

ወታደሩ ሳቢኖስ ነጩን ካባ ከክምሩ መዝዞ መሬት ላይ ወረወረው። ካባው ሲወድቅ ዱቄት የመሰለ አቧራ ቦነነ። በግቢው አሥራ ሁለት ሸማኔዎች ቆመዋል። ሩቅ አገር፣ በቀጰዶቅያ በረዷማ ተራሮች ላይ ድንበር ለሚጠብቁ ወታደሮች አሥራ ሁለት ካባ ከመንደሩ ታዝዞ ነበር፤ ከየቤቱ አንድ አንድ፣ ከጥሩ የበግ ጠጉር።

ታኤሲስ ከአባቷ ከሆርዮን ጎን ቆማለች። የሆርዮን ዓይን ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሲሸምን የሚመራው ጣቱ ነው።

የሸማኔዎቹ አለቃ ፓሄቲስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጌታዬ፣ ሰው ሲያረጅ...» አለና ወደ ሆርዮን አየ።

«የሆርዮን ነው» አለች ከፓሄቲስ ኋላ የቆመችው ልጁ ታሚስታ። «ከየቤቱ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ አስታውሳለሁ።»

ታኤሲስ የሰማችውን ማመን አቃታት። ታሚስታ ጓደኛዋ ናት። ከአንድ ቦይ ውሃ እየቀዱ ነው ያደጉት። ግራኟን ታሚስታን አምና መሸመኛ ፊት አስቀምጣ ማግ መወርወር ያስተማረቻትም ታኤሲስ ራሷ ናት።

«እውነት ነው?» ሲል ሳቢኖስ ሽማግሌውን ጠየቀው።

ሆርዮን እጆቹን አሻሸ። «ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም ጌታዬ። ሊሆን ይችላል።»

ታኤሲስን ከውሸቱ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ክር ያላጓደለ ሰው በገዛ እጁ እንዲጠራጠር አደረጉት።

«እንግዲያው ከሸማኔዎች መዝገብ ተሰርዘሃል። መሸመኛህ ነገ ይወሰዳል» አለ ሳቢኖስ። ከዚያ የራስ ቁሩን አውልቆ ጥላ ሥር ካለው መደብ ላይ ተቀመጠና ቢራ እንዲያመጡለት አዘዘ።

ታኤሲስ ካባውን ከመሬት አንስታ በጣቷ ዳሰሰችው። ላዩ በማበጠሪያ ተፈትጎ ወፍራም መስሏል፤ ሥሩ ግን ወንፊት ነው። ክብደቱ እንዳይጎድል ነጭ አፈር ታሽቶበታል። ጠርዙ ላይ ያለውን ቋጠሮ ስታይ ደሟ ፈላ። ቋጠሮው ወደ ግራ የዞረ ነው።

ታሚስታን ከውሃ እንስራዎቹ ኋላ አገኘቻት።

«በዚህ መንደር ግራኝ ሸማኔ ስንት አለ?» አለቻት።

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።»

«ይስሙኛ!»

«አታካብጂው ታኤሲስ። ትንሽ ፈትል ነው ያስቀረሁት፣ ለሰርጌ መደረቢያ። የኔ አባት አለቃ ነው፤ ከቤቱ እንደዚህ ያለ ነገር ተገኘ ቢባል ይገርፉታል። ያንቺን አባት ግን ሰው ያዝንለታል።»

«መሸመኛውን ወስደው ነው የሚያዝኑለት?»

«ደግሞስ አያይም እኮ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ መተዉ አይቀርም።»

ታኤሲስ ጥላት ዞረች። ካባውን በብብቷ ይዛ ወደ ግቢው ተመለሰች።

«ጌታዬ፣ የአባቴ ካባ እዚያ ክምር ውስጥ አለ» አለች ሳቢኖስ ፊት ቆማ። «ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣዋል።»

ሳቢኖስ ሳቀ። «ቢጨፍን ባይጨፍን ምን ለውጥ አለው? እስቲ ይሞክር።»

ሆርዮን ወደ ክምሩ ተጠጋ። የመጀመሪያውን ዳሰሰና አለፈው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አለፈ። ሰባተኛው ላይ እጁ ቆመ። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ተከትሎ እስከ ጥግ ድረስ ሄደ።

«ይሄ ነው» አለ። ድምፁ ተቀይሯል። «ጠርዝ ላይ ክሩን ሁለት ሁለት አድርጌ ነው የምጨርሰው። አባቴም እንዲህ ነበር የሚሸምነው።»

ሳቢኖስ የሌሎቹን ጠርዝ ገላልጦ አየ። ድርብ ክር ያለው ያ ብቻ ነበር። ካባውን ወጠር አድርጎ ወደ ፀሐይ ያዘው፤ ብርሃን አላሳለፈም።

«በጄ ሽማግሌው፣ ስምህ ይመለሳል» አለ። ከዚያ ስሱን ካባ ከታኤሲስ ብብት መዝዞ ክምሩ ላይ ጣለው።

«ያንንማ አይወስዱትም» አለች ታኤሲስ።

«ለምን አልወስደውም? የሠራው ማንም ይሁን፣ አሥራ ሁለት ተብያለሁ፣ አሥራ ሁለት አለ።»

«እዚያ እኮ በረዶ ነው።»

«የደረሰው ይለብሰዋላ። የዕድሉ ጉዳይ ነው።»

የታኤሲስ ወንድም ኦርሴስ ያለው ቀጰዶቅያ ነው። በላከው ደብዳቤ የሚለብሱት የብረት ጥሩር በክረምት እንደ በረዶ እንደሚቀዘቅዝ፣ በላዩ ደህና ካባ ያልደረበ ሰው ዘብ ቆሞ እንደማያድር ጽፎላቸው ነበር። ይህ ካባ ለእሱ ይድረስ ለሌላ አታውቅም። ለማንም ይድረስ፣ ያ ሰው የሚቆመው እዚያው በረዶ ላይ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ግን ዋጋ ያለው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

ከመቀነቷ የክር መቁረጫዋን አወጣች። ካባውን ከክምሩ ሳበችና ጠርዙን በጠስ አድርጋ ማጉን ጎተተች። ሥራው ልል ስለነበር ክሩ ያለ ችግር ተተረተረ።

የሳቢኖስ እጅ ወደ ሰይፉ ሄደ። «አንቺ! ምን መሥራትሽ ነው?»

«አሁን አሥራ አንድ ነው» አለች ታኤሲስ። መጎተቷን አላቆመችም። «ካባዎቹን የሚጭኑት ግመሎች የሚነሱት መቼ ነው?»

ወታደሩ አፍጥጦ አያት። «በሃያ ቀን» አለ እጁን ከሰይፉ አንስቶ። «እስከዚያ ካልደረሰ አንቺንም አባትሽንም አልምርም።»

«ይደርሳል። እኔና አባቴ እንሸምነዋለን።» ከእንስራዎቹ በኩል የእግር ኮቴ ሰማች። ቀና አላለችም። «የጎደለውን ፈትል ታሚስታ ታመጣለች። የት እንዳስቀመጠችው ታውቃለች።»

ፓሄቲስ ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ዞረ።

ሆርዮን በዳበሳ መጥቶ ከታኤሲስ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ዘረጋላት። እሷም የተተረተረውን ክር እጆቹ ላይ መጠምጠም ጀመረች።