ንብ በሏ የታየች ጠዋት

ክላይቭ ታርሎ የባህር መከላከያው የአፈር ግድግዳ ሥር፣ ጭቃው ላይ በፊቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። ከላይ ግድግዳው ላይ ቴሌስኮፑ ወደ ሩቁ አጥር እንደዞረ በሦስት እግሩ ቆሟል።

ኢንስፔክተር ኦድሪ ብላይ አጭር ናት። ሳትንጠራራ አየችበት።

«ሟቹ ቁመቱ እንዴት ነበር?»

«በር ሲገባ ጎንበስ ይላል» አለ ሳጅን ኮል። «ምን ያደርግልሻል? የገደለችው ሚስቱ ናት። ትናንት መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው እየሰማ እገድልሃለሁ ብላዋለች። እስከ ምሳ ሌላ ሰው ካልተገኘ ይዣት ልሂድ።»

የወፍ ጥበቃ ስፍራው ሻይ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቃሉ፤ ኦድሪ አንድ በአንድ ወደ ጓዳው እያስገባች ትጠይቃቸዋለች። መጀመሪያ የገባው የቦታው ጠባቂ ጋሬዝ ነው፤ ቁመቱ ከሟቹ አይተናነስም። በእጁ ቋሊማ በዳቦ ይዟል።

«ወፏ አለች?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«የቷ ወፍ?»

«ንብ በሏ። ነፋስ ከደቡብ ገፍቶ ያመጣት። ክላይቭ ንጋት ላይ በመገናኛ ሬዲዮ ነገረን። እዚህ ባህር ዳር እንደሷ ያለች በዕድሜ አንዴ ብትገኝ ነው።»

«ሰው ሞቷል እኮ።»

«አዎ፣ ያሳዝናል።» ቋሊማውን ገመጠ። «አጥሩ ላይ ናት ገና?»

ቀጥላ የሟቹ ሚስት ዊኒ ገባች። አጭር ናት፣ አላለቀሰችም።

«ያቺ ወፍ ሄደችልኝ?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ዛሬ የተጋባንበት ቀን ነው። ቁርስ አብረን ልንበላ ነበር። ‹ወፍ መጥታለች› ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ጣውንት ብትሆን ፀጉሯን እነጭላት ነበር። ወፍን ምን ታደርጊያታለሽ?»

«ገደሉት?»

«ብዙ ጊዜ አምሮኛል። አልገደልኩትም።»

መጨረሻ ናይጄል ፔክ ገባ። አጭር፣ ደቃቃ፣ ጨዋ ሰው።

«ነፍሱን ይማር። ተሠቃየ ይሆን? ዊኒስ እንዴት ናት?»

«ወዳጆች ነበራችሁ?»

«ከልጅነት ጀምሮ። ብርቅ ወፍ ፍለጋ አብረን እንዞራለን። ወፍ የሚያገኘው እሱ፣ ሁለተኛ የማየው እኔ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ዛሬ ገላዬን ስታጠብ ነው በሬዲዮ የሰማሁት። ስደርስ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶታል። ምንም አላየሁም።»

ኦድሪ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ ካቴናውን አውጥቶ ከዊኒ ጎን ቆመ።

«ገዳዩ ከመታው በኋላ ወዲያው አልሸሸም» አለች ኦድሪ። «ቴሌስኮፑን ለራሱ ዓይን ዝቅ አድርጎ ወፏን አየ። ክላይቭ ለራሱ ቁመት ያቆመው ቢሆን እኔ አልደርስበትም። ጋሬዝም ዝቅ አያደርገውም።»

«እሷም አጭር ናት» አለ ሳጅኑ ወደ ዊኒ እያየ።

«ናት። ባሏን ገድላ ጣውንቷን ቆማ የምታደንቅ ሚስት ግን አይተህ ታውቃለህ?»

ሳጅኑ ካቴናውን ዝቅ አደረገ።

«ጋሬዝ ከሬሳው በፊት ወፏን ጠየቀኝ። ወይዘሮ ዊኒም እየረገሙ ጠየቁኝ። አቶ ፔክ ብቻ ለቅሶ ደረሱ። በራሳቸው ቃል የወፏን ወሬ በሬዲዮ የሰሙ፣ ግን ያላዩዋት ሰው ናቸው። ትኑር ትሂድ አያውቁም። አንዴ እንኳ አልጠየቁም።»

ጋሬዝ ማኘኩን አቆመ። «እውነቷን ነው፣ ናይጄል። እኔንም አልጠየቅከኝም።» የክላይቭን ሞት ሲሰማ እንኳ እንዲህ አልደነገጠም ነበር።

ናይጄል መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«የኔን ቴሌስኮፕ መኪና ውስጥ ረስቼ ነው የሮጥኩት። አንዴ ልይበት አልኩት። ‹ቆይ፣ እኔ ልጥገብ› አለኝ። ዕድሜ ልኬን እሱ እስኪጠግብ።»

ካቴናው የናይጄል እጅ ላይ ገባ። ዊኒ ሲወስዱት አላየችውም፤ ብድግ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሬዝ፣ እስቲ አሳየኝ።»

የሩቅ ማያ መነጽሩን አውልቆ አንገቷ ላይ አጠለቀላት፣ ትከሻዋን ይዞ ወደ አጥሩ አዞራት። ወርቃማ ጉሮሮ፣ ሰማያዊ ደረት፣ ቡናማ ጀርባ። ዊኒ ረጅም ጊዜ አየች።

«እኔ ደግሞ» አለች፣ «ወፎቹ አስቀያሚ ናቸው እያልኩ ነበር ራሴን ሳጽናና የኖርኩት።»