የሦስተኛ ደረጃ ጋላቢ

ግራዝማች ፍቅረ ሥላሴ በበቅሎ ዳገቱን ሲወጡ ልባቸው አርሮ ነበር። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ቦታ ሬሳ ተገኝቷል ተብለው ነው የተጠሩት። የጠራቸው ደግሞ የከተማው የጣሊያን ካፒቴን ነው። ከወረራው በፊት በደብረ ማርቆስ ነፍሰ ገዳይ በመለየት ስማቸው የገነነ ዳኛ ነበሩ፤ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን አራት ዓመት ሙሉ ማንም አንዳች ነገር ጠይቋቸው አያውቅም። የአሁኑም ቢሆን ጥያቄ አይባልም።

«እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ገዳዩ ካልተያዘ የአቦ መንደር ይቃጠላል» አላቸው አስተርጓሚው፣ ዓይናቸውን ላለማየት መሬት መሬት እያየ። «የገደለው ሽፍታ ነው፤ ሽፍታውን የሚያበላው መንደሩ ነው ይላሉ ካፒቴኑ።»

«ሰማንያ ቤት?»

«ሰማንያ ቤት።»

ወሩ ሰኔ፣ ዓመቱ 1932 ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቅይቷል። ከአቦ አጥር ሲደርሱ ግራዝማች እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው ከበቅሏቸው ወረዱ፤ ቤተ ክርስቲያን በግልቢያ አይታለፍም። ሊሳለሙ ጎንበስ እንዳሉ ጭቃው ላይ ዓይናቸው ተተከለ።

ሁለት የብስክሌት ዱካ ወደ ላይ ወጥቷል። አንዱ አጥር ሳይል በር ሳይል ሰንጥቆ አልፏል። የሁለተኛው ጋላቢ ግን አጥሩ ከሚጀምርበት ቦታ ወርዶ በእግሩ ሄዷል፤ ከበሩ ፊት ሁለት የጉልበት ምልክት አለ፤ አጥሩ ሲያልቅ እንደገና ተፈናጥጧል። ሲመለስም እንዲሁ ወርዶ አልፏል። ሲመለስ ግን ወደ በሩ አልተጠጋም፤ የመንገዱን ማዶ ጠርዝ ይዞ ነው የሄደው። የጫማው ጥርስ መንግሥት ለፖስተኞች የሚያድለው ነው።

ከመታጠፊያው ዘንድ ወታደሮቹ መሬቱን አመሳቅለውታል። ግራዝማች እየተነጫነጩ ከሬሳው አጠገብ ተቀመጡ። ሟቹ እንዳላማው ይባላል፤ የወታደር ፖስታ አመላላሽ ነው። ማጅራቱ በድንጋይ ተመትቷል። ብስክሌቱ ከጎኑ ወድቋል፤ ሽጉጡ ከወገቡ፣ ጫማው ከእግሩ አልተነካም። ከፖስታ ከረጢቱ ውስጥ አንድ ፖስታ ብቻ ተቀዶ ባዶውን ቀርቷል።

«ሽፍታ ሽጉጥ ትቶ ወረቀት ይወስዳል?» አሉ ግራዝማች። አስተርጓሚው ተረጎመ። ካፒቴኑ ትከሻውን ነቅንቆ ሲጋራውን ለኮሰ።

ከአጥሩ ሥር የሚኖሩት እማሆይ ወለተ ሰንበት ተጠየቁ። «እንዳላማው? አንድ ቀን ከዚያች ብረት ወርዶ አያውቅ! እንደ ነፋስ ነው የሚያልፍ» አሉ። «ዛሬስ ማን አለፈ?» ሲሏቸው ግን «ከጸሎቴ አልተነሣሁ፤ ምን አይቼ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ካፒቴኑ በአገሩ የብስክሌት እሽቅድምድም ያመልክ ነበር አሉ። ፖስታ ቤቱን ሲረከብ በዙሪያው ያሉትን መንገዶች እንደ ሰው ጉልበት በሦስት ከፍሎ በትልቅ ሰሌዳ ላይ አስጽፎ ሰቅሏል። አንደኛው ወደ ጮቄ አቅጣጫ በአቦ በኩል እስከ ምሽጉ የሚወጣው ዳገት ነው። ሁለተኛው በይጁቤ መንገድ እስከ ኬላው፣ ወጣ ገባ ነው። ሦስተኛው ከተማውን በሜዳው የሚዞረው ነው። ፖስተኞቹንም በፈተና አስሩጦ ደረጃ ሰጥቷቸዋል፤ እንዳላማው አንደኛ፣ ወልደ ሩፋኤል ሁለተኛ፣ ሙላት ሦስተኛ። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ እንደ ወንጌል ነው።

ግራዝማች መጀመሪያ የጠየቁት ብስክሌት ጠጋኙን ደምለውን ነው። አንድ እግሩ ከጉልበቱ አይታጠፍም፤ ይጠግናል እንጂ አይጋልብም።

«ስንት ብስክሌት አለ?»

«አምስት። ከዚህ ግቢ ውጭ ባገሩ ብስክሌት የለም። ሁለቱ ጎማ የላቸውም። ሦስቱ ጧት ከሁለት ሰዓት ጀምረው ወጡ፣ እንዳላማው መጨረሻ፤ ሁለቱ ገቡ፤ ሦስተኛውን እርስዎ አይተውታል።»

ወልደ ሩፋኤል ቀጥሎ ገባ። ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር በብስክሌት ተጣልቶ አንገት ለአንገት ተናንቋል፤ በዚያ ጧትም ከሌላው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ነው የገባው።

«ጎማዬ ፈነዳ ግራዝማች! ኬላው ድረስ ሰው ይላኩና ይጠይቁ!»

ተላከ። የኬላው ዘበኛ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ጎማውን አብሮት ሲለጥፍ እንደነበር መሰከረ። ግራዝማች በንዴት ምራቃቸውን ዋጡ።

ሙላት ከሁሉም ጸጥ ያለ ነው። ዲያቆን ነበር፤ ቀጭን ነው፤ ሲናገር ድምፁ አይሰማም።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጦር ሰፈሩ በር ፈረምሁ። አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ።»

«በመካከሉስ?»

«መንገዴን ስዞር። እኔ ሦስተኛ ነኝ፤ ቀስ ነው የምል።»

ካፒቴኑን ሲያስጠይቁት እርሳስ አውጥቶ አሰላላቸው። ከከተማው ተነሥቶ አቦ መታጠፊያ ደርሶ በአንድ ሰዓት ተኩል መመለስ የሚችለው አንደኛ ደረጃ ጋላቢ ብቻ ነው። «ሦስተኛው ዳገቱ እኩሌታ ላይ ልቡ ቀጥ ትላለች» ይላሉ፣ አለ አስተርጓሚው። ካፒቴኑ ኩራቱ ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ የገደለው ፖስተኛ ነው፤ ነገር ግን ሊደርስ የሚችለው ፖስተኛ የሞተው ብቻ ነው! ግራዝማች በማግስቱ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከዚያ ሰሌዳ ፊት እየተመላለሱ ተብሰከሰኩ። ግቢው ውስጥ ወታደሮች ቤንዚን በካሚዮን ይጭናሉ። ሦስት ሰዓት ቀርቷል። ከመናደዳቸው ብዛት ሰሌዳውን በዱላቸው ሊመቱት ቃጡና ዱላው ግርጌው ላይ ካለች ትንሽ ጽሕፈት ላይ ቆመ።

«ይች ምን ትላለች?»

«ፈተናው የተደረገበት ቀን ነው። አፕሪሌ ሃያ ስድስት።»

«በእኛ?»

አስተርጓሚው አሰበ። «ሚያዝያ ዐሥራ ስምንት። ዓርብ።»

ግራዝማች በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ከሰሌዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ደስ ሊላቸው ሲገባ ደስ አላላቸውም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የአቦ ሽማግሌዎችም ነበሩ። ግራዝማች በዳኝነት ዘመናቸው ስም አይጠሩም ነበር፤ ነገሩን ዘርዝረው ለሰውየው ራሱ ተነሥቶ እንዲናገር ቦታ ይተዉለት ነበር። አሁንም እንደዚያው አደረጉ።

«ሽጉጥና ጫማ የተወ ሰው ሽፍታ አይደለም። የፖስተኛ ጫማ አድርጎ በብስክሌት የሄደ ሰው፣ ብስክሌቱ ከዚህ ግቢ የወጣ ነው። ያን ጧት የወጡት ሦስት ናቸው። አንዱ ሞቷል፤ አንዱን የኬላ ዘበኛ ይዞት ነበር። ይህን ትናንትና አውቄዋለሁ። ያቃተኝ ሰሌዳው ነው።»

ዱላቸውን ወደ ሰሌዳው ቀሰሩ።

«ፈተናው የተደረገው በስቅለት ዕለት ነው። የእነሱ ስቅለት ከአምስት ሳምንት በፊት አልፎ ነበርና ካፒቴኑ አላወቀም። ልጆቹን ከስግደት ጎትቶ አስሮጣቸው። ወልደ ሩፋኤል፣ ያን ጧት ምን በልተህ ነበር?»

ወልደ ሩፋኤል አንገቱን ደፋ። «ዳቦ... እንዳላማውም በልቷል። አብረን ነው የበላን።»

«አየህ? የበሉት አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ሦስተኛ የወጣው ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሰ፣ ሲሰግድ የዋለ፣ ያከፈለ ሰው ነው። ያ ሰው በልቶ ጠጥቶ ዳገት ቢወጣ ማን ይቀድመዋል? ጭቃው ላይ ያየሁትም ይኸንኑ ሰው ነው። ሰው ሊገድል እየሮጠ እንኳ ከአቦ በር ወርዶ ተንበርክኳል። ሲመለስ ደግሞ በሩን ፈርቶ ከማዶ ሄዷል።»

ሙላት ተነሣ።

«ወርጄ አልፌያለሁ» አለ። «እኔ ነኝ።»

አስተርጓሚው እየተንተባተበ ተረጎመ። ካፒቴኑ ሳቀ። ወደ ሰሌዳው ሄዶ በሙላት ስም ፊት የተጻፈችውን ሦስት ቁጥር በጣቱ መታ መታ አደረጋት።

«መንደሩን ለማዳን የተፈጠረ ተረት ነው ይላሉ። ይህ ሰው ዳገት አይወጣም፤ ተለክቷል።»

«ልኩ ተሳስቷል በላቸው!» ግራዝማች ጮኹ። አራት ዓመት ያመቁት ንዴት አንድ ላይ ወጣ። «የተራበ ሰው ለክተው እኔን ውሸታም ሊሉኝ ነው? ሰማንያ ቤት ለአንዲት ቁጥር?»

ካፒቴኑ ሰዓቱን አወጣ። ሰባት ተኩል ነበር። ይጋልብ፣ አለ። ምሽጉ በስልክ ይታዘዛል፤ ከመታጠፊያው የሚቆም ወታደር ማኅተም ይሰጠዋል። ማኅተሙን ይዞ ከዘጠኝ በፊት ከገባ ገዳዩ እሱ ነው፤ ይሰቀላል። ካልገባ መንደሩ ይቃጠላል።

ደምለው ብስክሌት አመጣ። ግራዝማች እጀታውን ያዙለትና በጆሮው «ለምን?» አሉት።

«እንዳላማው መጻፍ አይችልም፤ የሚያጽፈው እኔን ነው» አለ ሙላት ቀስ ብሎ። «ባለፈው የግብር ዝርዝር ነው ብሎ የሰው ስም አጻፈኝ። ሁለት የይጁቤ ሰዎች ተሰቀሉ። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ሽጉጥ ደቅኖ የአቦን ሰዎች አጻፈኝ። ወረቀቱን አቃጥዬዋለሁ።»

ግራዝማች እጀታውን ለቀቁ። እሱ ከወረቀት ያወጣቸው ሰዎች አሁን በእሱ እግር ላይ ቀርተዋል። ከዳገቱ በላይ ጮቄ ነው፤ ጮቄ ላይ አርበኛ አለ። መታጠፊያው ላይ ያለው ወታደር አንድ ብቻ ነው። ቢፈልግ ማን ይመልሰዋል? ግራዝማች እንዲመለስም እንዳይመለስም መጸለይ አቃታቸው። ያንን ሰሌዳ ያነበቡባትን ሰዓት ረገሙ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል ሆነ። የአቦ ሽማግሌዎች ከግንቡ ሥር ተቀምጠው በሩን ያያሉ። የካሚዮኑ ሞተር ተነሣ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ካፒቴኑ ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።

ለዘጠኝ ስምንት ደቂቃ ሲቀር ሙላት በበሩ ገባ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለካፒቴኑ ሰጠ። ሁለቱም ጉልበቶቹ ጭቃ ነበሩ፤ ደርቆ የተሰነጠቀ ሳይሆን ገና እርጥብ ጭቃ። ግራዝማች አዩትና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ካፒቴኑ ማኅተሙን መረመረ፤ ሰዓቱን አየ። የሞተሩን ድምፅ በእጁ ምልክት አስጠፋ። ከዚያ እርሳሱን አውጥቶ ወደ ሰሌዳው ሄደና በሙላት ስም ፊት ያለችውን ሦስት ሰርዞ፣ በጥንቃቄ፣ አንድ ጻፈ።

ወታደሮቹ ሊይዙት ሲቀርቡ ሙላት ብስክሌቱን ከግድግዳው አስደግፎ ወደ ደምለው ዞረ።

«የኋላው ፍሬን ላልቷል» አለው። «ለሚመጣው ሰው አጥብቅለት።»