ከሸክላው መጨረሻ ያለው ክብ

እኔ የሞተ ሰው ድምፅ ተሰማ ሲሉኝ «እስቲ ስፒከሩን አምጡት፣ ልየው» የምል ሰው ነኝ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ቴፕና አምፕሊፋየር ስጠግን ሃያ ዓመት ሞላኝ፣ መንፈስ ነው የተባልኩትን ሁሉ ስፈታው የላላ ሽቦ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ ስለዚህ አሁን የማወራህን ሰምተህ ብትስቅብኝ አልቀየምህም፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

እማማ ራሔል ታቦር ሰፈር የሚኖሩ የቸርቻችን እናት ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው እሳቸው ልጅ ሳሉ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄዶ፣ ድምፁን የቀዳባት አንዲት ትንሽ ሸክላ ልኮላቸው፣ በዚያው ጠፋ። ሰሞኑን ሞቷል የሚል ወሬ መጣና ዘመድ ተሰብስቦ ቅዳሜ እርሙን እናውጣ ተባባለ። እሳቸው ግን «ድምፁን ሳልሰማ አላለቅስም» አሉ፣ እኔም ሐሙስ ከቀትር በኋላ የጠገንኩላቸውን የሸክላ ማጫወቻ በባጃጅ ጭኜ ቤታቸው ሄድኩ።

መጀመሪያ በደቂቃ አርባ አምስት ዙር በሚለው ፍጥነት ለቀቅኩት፣ የወፍ ጫጫታ ሆነ። «ይሄማ እሱ አይደለም!» ብለው ተቆጡኝ። ወደ ሠላሳ ሦስት አወረድኩት፣ መርፌው እንዳይዘል ድሮ ሰው እንደሚያደርገው መርፌውን የያዘው ክንድ ላይ ሳንቲም አስቀመጥኩ፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ ሰላምታውን ጀመረ፣ እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

አሁን ይቺን ልብ በልልኝ፣ ሸክላ መጨረሻው ላይ የተዘጋ ክብ አለው፣ መርፌው እዚያ ከገባ እስክታነሳው ድረስ ያንኑ መስመር ይዞራል፣ ያንኑ ድምፅ ይደጋግማል፣ ሌላ ነገር ሊል አይችልም። ሰውየው ሳይጨርስ ቦታው አልቆበት ኖሮ የመጨረሻ ቃሉ ክቡ ውስጥ ቀርቷል፣ «ራሔል»፣ አንድ ዙር፣ «ራሔል»፣ ሌላ ዙር። እንባቸው ይወርዳል፣ ይጥገቡት ብዬ ተውኩላቸው።

ስድስተኛው ሰባተኛው ዙር ላይ ከስማቸው በኋላ ኮቴ ሰማሁ። መርፌው ዘለለ ብዬ ጎንበስ አልኩ፣ እመነኝ፣ ከክቡ ንቅንቅ አላለም። «ራሔል»፣ ኮቴው ጠጠር ላይ ነው። «ራሔል»፣ አሁን ሲሚንቶ ላይ ነው፣ ቀርቧል። የእማማ ግቢ ጠጠር ነው፣ በረንዳው ደግሞ ሲሚንቶ። ከዚያ የደከመ ሰው ትንፋሽ መጣ፣ ከስፒከሩ ይሁን ከበሩ ማዶ መለየት አቃተኝ፣ «ኢየሱስ!» ብዬ ክንዱን ብድግ አደረግኩት። ሮጬ በሩን ከፈትኩ፣ ማንም የለም።

«ለምን አነሳህብኝ?» አሉኝ፣ አልጮኹም፣ እሱ ነው የባሰው። «ደርሶ ነበር እኮ ልጄ፣ አንድ ዙር ብትታገሠኝ ምን ነበረበት?»

መርፌውን መለስኩት፣ እስኪመሽ ሞከርን፣ ስማቸውን ብቻ ነው የሚለው።

እማማ አላለቅስም ስላሉ የቅዳሜው ለቅሶ ቀረ። ዘመዶቻቸው እርማቸውን እንዳያወጡ ያደረገው ይሄ ጠጋኝ ነው ብለው ዛሬም ሰላም አይሉኝም፣ እማማ ደግሞ በራቸውን ቀንም ሌሊትም መዝጋት ትተዋል። ባለፈው ሳምንት ላያቸው ሄጄ አላስችል ቢለኝ፣ ውስጤን የሚበላኝን ነገር አወጣሁት።

«እማማ፣ የመጣው ወንድምዎ ባይሆንስ?»

ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ፣ «ማንም ይሁን ልጄ» አሉኝ፣ «በስሜ ጠርቶኛል።»