ያሳለው ኒም

እኔ እኮ ጂን ያዘው፣ ዛር ጮኸበት ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ዛሬም እስቃለሁ፣ ይቺኛዋ ግን በራሴ የደረሰች ናትና ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ የታናሽ እህቴ የዘሃራ ሰርግ ዋዜማ፣ ቆቦ ያለው ግቢያችን በዳስ ሠሪና በሽንኩርት ላጭ ተሞልቶ ሳቁ ለጉድ ነው። አጎቴ ሰይድ ከዋጃ መጥተው፣ ከውሃ ጉድጓዳችን አጠገብ ከቆመው የኒም ዛፍ ለመፋቂያ አንድ ቀንበጥ ቆረጡና ገና ሲያኝኩት «እትፍ!» አሉ።

«ምነው አጎቴ፣ መረረዎት?» አልኳቸው።

«ምሬቱንስ ለምጄዋለሁ ልጄ፣ ይሄ ግን ናፍጣ ናፍጣ ይላል!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም እየሳቅሁ ከጉድጓዱ ከወጣው ውሃ በጣሳ ቀድቼ ወደ አፌ ሳስጠጋ፣ ወላሂ፣ ከኒሙ ግንድ ውስጥ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚመስል ሳል መጣ። ንፋስ የሚባል የለም። ጣሳውን ሳወርድ ዝም፣ ሳነሳ እህህ! ዘሃራም ሞከረች፣ ለሷም አሳለ። ቀና ብዬ ባይ፣ በጎረቤታችን ወፍጮ ቤት በኩል ያለው ቅጠል ብቻ ጠውልጎ ቢጫ ሆኗል።

«አዑዙ ቢላሂ! ከዚህ ውሃ ማንም እንዳይቀምስ» አሉ አጎቴ።

ለዳሱ ሥራ የመጡት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን «ጓዶች፣ ዛፍ አያስልም» ብለው ጣሳውን ተቀበሉኝ። አሳለባቸው። ቀስ ብለው አስቀመጡና ቢጫውን ቅጠል አይተው «የወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር ይቆፈር» አሉ።

ሲቆፈር፣ ባለወፍጮው የቀበሩት የናፍጣ በርሜል ዝጎ ተበስቷል፣ ናፍጣው በአፈሩ ውስጥ ወደ ጉድጓዳችን ሲሰርግ ኖሯል፣ የኒሙ ሥር ደግሞ፣ እመኑኝ፣ እንደ አውራ ጣት ቀዳዳው ውስጥ ተወትፏል።

«አብሽሩ፣ ኒሙ ቀድሞን ጠጥቶልናል» አሉ አጎቴ፣ ሳቁም ተመለሰ። ውሃ ከታችኛው ሰፈር ጉድጓድ አስመጣን፣ ሰርጉ ሞቀ፣ ወጡም ሻዩም በዚያው ውሃ ተሠራ፣ እንግዳው ጠግቦ ጨፈረ።

በማግስቱ የተዋስነውን ጀሪካን ልመልስ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረድኩ። ጉድጓዱ ሾላ ሥር ነው፣ ዙሪያው የማሽላ ማሳ እንጂ ወፍጮ የለ፣ ቤት የለ። ሙቀቱ ስለጠናብኝ በእፍኜ ቀድቼ ወደ አፌ ሳስጠጋ፣ ከበላዬ ከሾላው ውስጥ ጉሮሮ ተጠረገ። ውሃው በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። የሰፈሩ ሴቶች ግን እየተሳሳቁ ይቀዳሉ።

እስካሁን ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እዚያ ሾላ ሥር ግን ቆፍሮ ያየ የለም።