የጀልባዋ ጆሮ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ በዛሬው ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት አሮጌ ብሎን ለሃያ ዓመት ያገለገለችበትን ቦታ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ለቅቃ፣ በበያጁ ጉንጭ አጠገብ ሽው ብላ አልፋ፣ ሐይቁ ውስጥ ሰጥማለች። ሽኝት አልተደረገላትም።

ጊዜስ የት ተገኝቶ! ከተራራው የወረደው ነፋስ ሸራውን በጥፊ እያጮለው ነበር፤ ብሎኗ ደግሞ የወጣችው ከጆሮው ነው። በያጁ ምሰሶውን የሚወጥሩት ገመዶች የሚታሰሩባቸውን ብረቶች እንደ ድስት ጆሮ ቆጥሮ «ጆሮ» ነው የሚላቸው። ስድስት ናቸው። አንዱ ከተነቀለ ምሰሶው ይወድቃል፤ ምሰሶው ከወደቀ አባቱ ለሱና ለእህቱ የተዉላቸው ጀልባ አበቃላት። የወደቡ ሹም ፈርዷል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በራሷ ሸራ ማዶ ካልደረሰች በመጋዝ ትቆራረጣለች።

«ጆሮው ሊነቀል ነው!»

መሪውን የጨበጠችው ታላቅ እህቱ ዞር እንኳ አላለችም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ፍታውና ከሥሩ እየው ስልህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ይኸው ጆሮዋ ተቀየመህ!»

«አሁን የወቀሳ ሰዓት ነው፣ እትዬ?»

እውነቷን ነበር። ውሃ በገባ ቁጥር በብረቱ ዙሪያ ሙጫ ለቅልቆ ያልፍ ነበር። ከላይ ላያት ሙሽራ ነበረች።

እህቱ ሸራውን አውርዳ ጀልባዋን ነፋስ የማያገኘው ቄጠማ ውስጥ ሰነቀረቻት። በያጁ ምሰሶውን በትርፍ ገመድ አሰረና ብረቱን ፈትቶ አነሳ። የወለሉ ፋይበር በየቀዳዳው ዙሪያ ተሰነጣጥቋል፤ በሁለቱ የፋይበር ንጣፎች መሃል ያለው እንጨት እንደ ራሰ ዳቦ ላሽቋል። በካቻቢቴ ቧጠጠ፤ ደረቅ እንጨት እስኪነካ ቆፈረ። ሙጫውን ከማድረቂያው ጋር በጠበጠና ጉድጓዱን ሞላ። ማድረቂያውን እጥፍ አድርጎት ኖሮ የበጠበጠበት ቆርቆሮ መጨስ ጀመረ።

የቀረው ከሥር የሚደግፍ ሰፊ ብረት ነው፤ ያለዚያ ብሎኖቹ ፋይበሩን ዳግም ቀድደው ይወጣሉ። ዓይኑ የእህቱ ድስት ላይ አረፈ።

«እንዳታስበው!»

«ክዳኑን ብቻ።»

«የሠርጌ ስጦታ ነው!»

«ባልየውን ከፈታሽው ስንት ዘመንሽ፤ ክዳኑን ምን ታስታምሚያለሽ?»

ወረወረችለት። አነጣጥራ ነበር።

ክዳኑን በመጋዝ ቆርጦ ሳይጨርስ ቄጠማው ተተረተረና ጉማሬ ብቅ አለ። ሊገዛት የመጣ ይመስል ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኛት፤ ከዚያ አፉን ከፈተ።

«እንውጣ!» አለች እህቱ።

«ሙጫው አልደረቀም!»

«ለሱ ንገረዋ!»

መቅዘፊያውን ጭቃው ውስጥ ተክላ ገፋች። ጉማሬው መቅዘፊያውን ቀነጠሰው፤ በእጇ የቀረውን ጉማጅ አፍንጫው ላይ ወረወረችበት፤ ጀልባዋ ወደ ገላጣው ውሃ ተንሸራተተች።

እዚያ ደግሞ ጎታቹ ጠበቃቸው። አሮጌ ጀልባ በሞተር ጎትቶ ወስዶ የሚቆራርጥ ሰው ነው፤ የሱን ገመድ የያዘ ሁሉ በራሱ ሸራ ደረሰ አይባልም። ማዕበል እያስነሳ ዞራቸውና ገመዱን ወለሉ ላይ ጣለ።

«ያዙ እንጂ! ምሰሶው ራሳችሁ ላይ ይወድቃል!»

በያጁ ገመዱን ጠቅልሎ መልሶ ወረወረበት። «ራሱ የኔ፣ ምሰሶው የኔ! አንተን ምን አገባህ?»

ፀሐይ አናት አልፋለች። ሙጫውን በጣቱ ነካው፤ አይጣበቅም። በትራፓኖ አራት ቀዳዳ በሳ፣ ክዳኑን ይዞ በደረቱ ወለሉ ሥር ገባ። እህቱ ከላይ ከዕቃ ሳጥኑ ያወጣቸውን አዲስ ብሎኖች በካቻቢቴ ያዘች፣ እሱ ከሥር አጠበቀ። የምሰሶውን ገመድ መልሶ አሰረና ሸራው ወጣ። ጆሮው አንዴ ሲጥ አለ። ያዘ።

ጎታቹ ምሰሶው እስኪወድቅ እየጠበቀ እስከ ማዶ ተከተላቸው። አልወደቀለትም።

ፀሐይዋ ስንዝር ሲቀራት ማዶ የሚጠብቃቸው ሹም የጀልባዋ ወረቀት ላይ ማህተሙን መታ። ቀና ሲል በያጁ ተንበርክኮ የቀሩትን አምስት ጆሮዎች እየፈታ ነው።

«እነዚህ ደህና አይደሉም እንዴ?» አለ ሹሙ። «ምን ነካህ?»

እህቱ ክዳን አልባ ድስቷን ታቅፋ ቀረበች። «ንገረው እንጂ፣ ወንድሜ። ከሥሩ እየው ያለህ ማን ነው?»

በያጁ ካቻቢቴውን ሳያነሳ መለሰ።

«አልናገርም።»