ሰው የሌለበት ባሕር ዳርቻ

ዮሲና ብሩሿን በጥርሷ እንደነከሰች በሩን ከፈተች። ደጃፉ ላይ የቆመው ሰውዬ በሁለት እጁ ያቀፈውን ሥዕል ከእሷ ሊያሸሽ ዞር ሲል፣ በደንብ ያልደረቀው ቀለም ነጩ ሽርጧ ላይ ተለጠፈ።

«ይቅርታ እህቴ... ሰማዩን አለበስኩዎት» አለ።

«ሰማዩ ይታጠባል። ስንት ሰው ላድርግልዎት?»

የአንትወርፕ ከተማ ሠዓሊዎች ወግ እንዲህ ነው፤ አንዱ ባሕሩንና ሰማዩን ይሥላል፣ ሌላው ሰዎቹን ይጨምርበታል። ስሙ የሚጻፈው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ዮሲና የምትኖረው ቤጊን ከሚባሉት፣ በጸሎት አብረው ከሚኖሩ እህቶች ጋር በግቢያቸው ነው። መነኩሲት አይደለችም፤ ካሻት ወጥታ ታገባለች። ግን ማን ጠይቋት? በሠላሳ አራት ዓመቷ ስሟን ለማያነሱ ሠዓሊዎች ሰው ስትሥል ትውልና፣ ጨው የበላውን ዓሣዋን ብቻዋን ትበላለች። «ለምጄዋለሁ» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ብቻን መብላትን ማን ይለምዳል?

ሰውዬው ሊቨን ይባላል፤ በሰው ወርክሾፕ ተቀጥሮ የሚሠራ ሠዓሊ። ያደገበትን የኦስተንድን ባሕር ዳርቻ የሣለው ለሠዓሊዎቹ ማኅበር ፈተና ነው። ካለፈ የራሱን ወርክሾፕ ይከፍታል፣ ቤትም ያቆማል። ካላለፈ ዕድሜ ልኩን የሰው ተቀጣሪ ነው።

ሥዕሉን ትቶላት ሄደና በየቀኑ መምጣት ጀመረ።

«ሰዎቹ ደረቁ?»

«የደረቁት ትናንት ነው። ዛሬ ምን ሊያደርቁ መጡ?»

ጆሮው ቀላ። «እንግዲህ ልንገርሽ... የመጣሁት አንቺን ለማየት ነው።»

ያን ቀን ዓሣውን ለሁለት በሉት። «ፈተናውን ልለፍ እንጂ፣ ከዚህ ግቢ አወጣሻለሁ» አላት። እሷም አመነችው።

የፈተናው ዕለት ዮሲና ከሕዝቡ ጋር ተጋፍታ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ገባች። ሥዕሉ ተሰቅሏል። ባሕሩ አለ፣ አሸዋው አለ። መረብ የሚጎትቱት ሰባት ሰዎቿ ግን የሉም፤ አንድ ሳይቀር ተፍቀዋል። ሊቨን የሚለውን እንኳ ሳትሰማ ወጥታ ሄደች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሊቨን እየመጣ ሳያገኛት ተመለሰ። በመጨረሻ የግቢው በረኛ እትዬ ክላራ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ ሰውየው እኮ ዝናብ ጨረሰው። ወይ ውጪና ስደቢው፣ ወይ አስገቢው። እኔ እንደሆን መልእክት ማመላለስ ሰልችቶኛል።»

ወጣች። ከስቷል።

«ሰባቱንም ፋቅካቸው» አለችው። «እንዲያ ካስጠሉህ ምነው ያኔ አልነገርከኝ?»

«ፈታኞቹ በፈተናው ዕለት መስቀል ይዘህ ትምላለህ አሉኝ፤ ሥራው ሁሉ የእጄ ነው ብዬ። ሌላው ሁሉ ይምላል ዮሲና። እኔ ያንቺን እጅ የኔ ነው ማለት አቃተኝ። በዋዜማው ምላጭ ይዤ... እያለቀስኩ ነው የፋቅኋቸው።»

ዮሲና አፈረች። ሦስት ሳምንት በከንቱ ጠልታው ነበር።

«አሳለፉህ?»

«ሳቁብኝ። ሰው የሌለበት ባሕር ማን ይፈልጋል አሉ። ሰዎቹ የማን እንደነበሩ ስነግራቸው ጭራሽ ባሰባቸው፤ የሁላችንን ጉድ ልታወጣ ነው፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ ተባልኩ። ሥዕሉን አሠሪዬ ወሰደው። ሌላ ሠዓሊ ሰዎች ጨመረበትና አሠሪዬ የራሱን ስም ጻፈበት። ከእንግዲህ ሰው ሁሉ ሥዕሉን የሱ ነው የሚለው።» አንገቱን ደፋ። «ወርክሾፕ የለኝም። ያለኝ ኦስተንድ ያለው የአባቴ ጎጆ ነው፤ እሱም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ነይ ልልሽ አይደለም የመጣሁት። እውነቱን እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ዮሲና ፊቷን አዙራ ተመልሳ ገባች። ሊቨን ያበቃለት መስሎት መንገድ ጀመረ። ከግቢው ፊት ያለው ድልድይ ጋ ሲደርስ ከኋላው ተጠራ። ዮሲና ልብሷንና ብሩሾቿን ጠቅልላ አንጠልጥላለች።

«ሥዕሉን አሠሪህ ይውሰደው» አለች እያለከለከች። «አንተን ግን የማን ነህ ብለው ሲጠይቁህ የኔን ስም ጥራላቸው።»